ከባሕር ዛፎቹ ላይ ያወረድናቸው ማማዎች

ከከተማው መሐል፣ ከኮሊንግዉድ ፎቅ፣ ወደ ዳርቻው ወደ ሜልተን ስንዛወር መጀመሪያ የተዋወቅነው የአጥሩን ማዶ ጎረቤታችንን ነው። ረዥም፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። ዕቃችንን ስናወርድ አይተው መጡና የፍሪጁን አንድ ጎን ያዙ። ባለቤቴ ደንግጦ "ኧረ ይተዉት ጋሼ!" አላቸው በአማርኛ። እሳቸው ሰላምታ መስሏቸው "ጋሼ!" ብለው መለሱለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን፣ እሳቸውም ዞር ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ተንኮሉ አያልቅም፣ እኔን "እትዬ በሏት" ብሎ አስተማራቸው። አባቴ የሚሆኑ ሰው ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው "ጉድ ሞርኒንግ እትዬ" ሲሉኝ ልጃችን በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ጋሼ አዳኝ ነበሩ። ከባከስ ማርሽ አለፍ ብሎ አንድ የቆየ ጓደኛቸው እርሻ ነበረው፣ አጋዘን እየገባ አጥሩን የሚጥልበት፣ ሣሩን የሚጨርስበት። እዚያ ባሕር ዛፎቹ ላይ ማማ ሠርተው ያድኑ ነበር። ማማው እኛ አገር ማሽላ ጠባቂ ከሚቀመጥበት አይለይም፤ ልዩነቱ ብረት መሆኑ፣ መሰላል ያለው መሆኑ፣ ሌባ እንዳይወስደው ደግሞ በሰንሰለትና በጓጉንቸር ከግንዱ ጋር መቆለፉ ነው።

የመጀመሪያውን ሥጋ ያመጡልን በሁዳዴ ነበር። ትልቅ ሳህን በፎጣ ሸፍነው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ጾም መሆኑን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ጨነቀኝ። ባለቤቴ ግን ከጾሙም የባሰ ነገር ነበረው። "ሲታረድ በስመ አብ ያለ ሰው አለ?" አለኝ በአማርኛ። ጋሼ አንዴ እኔን አንዴ እሱን እያዩ ቆዩ። በመጨረሻ በእንግሊዝኛችን እንደምንም ነገርናቸው። ይቀየማሉ ብለን ስንጠብቅ ጭንቅላታቸውን ነቅንቀው "እንግዲያው አብረኸኝ ትመጣለህ፣ የሚባለውን አንተ ትላለህ" አሉት።

እንዲህ ነው የተጀመረው። ከፋሲካ በኋላ ባለቤቴ አብሯቸው መሄድ ጀመረ። እሳቸው ይተኩሳሉ፣ እሱ ወርዶ ቢላውን ይዞ የሚባለውን ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ምንም ሳይዙ ይመለሳሉ። እንደዚያ ባዶ እጁን ሲመለስ ነበር ደስ የሚለው። "ምን ስታደርጉ ዋላችሁ?" ስለው "ተቀምጠን" ይለኛል። ከአንድ ሰው ጋር ቀኑን ሙሉ ሳያወሩ መቀመጥ እኔ አይገባኝም። እሱ ግን ከዚያ ሲመጣ ፊቱ የታጠበ ይመስል ነበር።

ከጊዜ በኋላ የጋሼ ጉልበት ከፋ፤ መሰላል መውጣት ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ በሚሠራበት መጋዘን ዕቃ ሲያወርድ ትከሻው ተጎዳ። ኦፕሬሽን ሆነ፣ እጁን ወደሚያሠራው ፊዚዮ ተመላለሰ፣ ቀኝ እጁ ግን ከትከሻው በላይ አልነሣ አለ። ሥራውን ተወ። እኔ በልጆች መዋያ እሠራለሁ፣ ከሺፍት ስመለስ ጋራዥ ውስጥ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። "በላህ?" እለዋለሁ። "በላሁ" ይለኛል። ድስቱ ግን እንደተከደነ ነው። ያን ጊዜ የእርሻውን ነገር ማንም አያነሣውም ነበር።

በበጋው መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ በራችንን አንኳኩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ጓደኛቸው አርጅቶ እርሻውን እንደሸጠ፣ ገዢዎቹ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው ሰዎች እንደሆኑ ነገሩን።

"ማማዎቹ እዚያው ናቸው" አሉ። "ማሰሪያቸው በፀሐይ በስብሷል። ልጅ ደግሞ መሰላል ካየ ይወጣል። እኔ ነኝ የሰቀልኳቸው፣ እኔ ነኝ ማውረድ ያለብኝ።"

ዛፍ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ጠርተው ነበር፤ ገዢዎቹ ሳይገቡ እንደማይደርስ ነገራቸው። የጓጉንቸሮቹ ቁልፍ የት እንደገባ አይታወቅም።

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሣ። "እኔ እወጣለሁ" አለ።

"በየትኛው እጅህ?" አልኩት።

ጫማውን ማድረግ ጀመረ። እኔም ምሳ ቋጠርኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ምሳ ለማድረስ ሳይሆን ሁለቱም ዛፍ ላይ እንዳይወጡ ለመጠበቅ ነበር።

የጋሼ ዩት፣ ማለት ፒካፕ መኪናቸው፣ የኋላ ክፍሉ በዕቃ ተሞልቷል፦ ገመድ በዓይነት በዓይነቱ፣ አዲስ የጭነት ማሰሪያ፣ ሄልሜት፣ ደረትንና ጭንን የሚያስር መታጠቂያ፣ እንደ ክንድ የረዘመ የብረት መቁረጫ መቀስ። መንገድ ላይ ባለቤቴ "በሞተር መቁረጫ፣ በግራይንደር ቢሆን በአንድ ደቂቃ ያልቃል" ሲል ጋሼ በመኪናው መስኮት ሜዳውን አሳዩት። ሣሩ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። አንድ የብረት ፍንጣሪ ቢወድቅበት ኮረብታው ሁሉ እንደሚነድ ለማወቅ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። በእጅ ነው የሚቆረጠው።

የመጀመሪያው ማማ ሥር ደርሰን ቆምን። ወፍራም ባሕር ዛፍ ነው፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ማንንም ወደ መሰላሉ አላስጠጉም። ዛፉን እየዞሩ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ዓይናቸውን አንከራተቱ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ አለ ወይ፣ የተርብ ቤት አለ ወይ፣ መሰላሉ የት የት ዝጓል። ከዚያ ባለቤቴ መታጠቂያውን አንሥቶ ሊለብስ ሲል ቀኝ እጁ ማሰሪያው ውስጥ አልገባ አለ። በግራው ይጎትታል፣ ይጠመዘዛል፣ ላብ በላብ ሆነ። ጋሼ "ስጠኝ፣ እኔ ልውጣ" አሉት። "በዚያ ጉልበትዎ?" አላቸው። "በዚያ ትከሻህ?" አሉት። በየቋንቋቸው መጨቃጨቅ ጀመሩ። ሁለቱም ዓይኔን አያዩም።

ያሳዘነኝ ጭቅጭቁ አይደለም። ሁለቱም እንደማይችሉ ማወቃቸው ነው። ምሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና "አምጡት፣ እኔ እወጣለሁ" አልኩ።

ባለቤቴ ሣቀ። እኔ አልሣቅኩም።

"ልጅ ሆኜ የጎረቤት ኮክ ዛፍ ላይ የምውል ነበርኩ" አልኩት። "ኮሊንግዉድ ስንኖርም ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ደረጃውን ልጅ አዝዬ የወጣሁት እኔ ነኝ። ከፍታ አልፈራም። ሁለታችሁ ከታች ንገሩኝ።"

ጋሼ "ሕግ አለኝ" አሉ። "አቁሚ ስል ትቆሚያለሽ። ካልተመቸሽ ትወርጃለሽ፣ ማንም ለምን አይልሽም። ገመዱ ላይ ሳትታሰሪ አንድ እግር አታነሺም። የማማው ወንበር ላይ ደግሞ ጭራሽ አትቆሚም፣ አሮጌ ነው፣ አይታመንም።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ።

ቀሚሴን ስሰበስብ ባለቤቴ ከሥር የለበስኩትን ሱሪ አይቶ "ለካ ተዘጋጅተሽ ነው የመጣሽው" አለኝ። እኔ ደግሞ ሱሪውን የለበስኩት ሣሩ ውስጥ እባብ ይኖራል ብዬ ነበር። መታጠቂያውን እየዞረ አሰረልኝ። እያንዳንዱን ዘለበት ይስባል፣ ይነካካል፣ ደግሞ ይስባል። "ቼክ አደረግሁት" ይላል፣ መልሶ ደግሞ ቼክ ያደርጋል። ፊቱን ያን ያህል ከቅርብ ካየሁት ቆይቼ ነበር። ጢሙ መሸበቱን ያን ጊዜ ነው ያየሁት።

ጋሼ በቀጭን ገመድ ጫፍ ላይ የአሸዋ ከረጢት አሥረው ከማማው በላይ ባለው ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ወረወሩ። ተከትሎ ዋናው ገመድ ወጣ፣ አንዱ ጫፉ ከታች ግንዱ ላይ ታሰረ። እኔ የምያያዝበት አጭር ገመድ በዚህኛው ላይ የተጠመጠመ ነው፤ በእጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፣ በድንገት ሲሳብ ግን ነክሶ ይይዛል። ባለቤቴ "እኔ ይዤሽ አልቆምም?" አለ። ጋሼ "ሰው ይደክመዋል፣ ዛፍ አይደክመውም" አሉት።

ወጣሁ። አንድ እርምጃ ስወጣ ቋጠሮውን ወደ ላይ እገፋለሁ፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ እገፋለሁ። መንገድ ላይ መሰላሉን በአዲስ ማሰሪያ ከግንዱ ጋር አሠርኩት፤ አሮጌው ቢበጠስ እንዳይለቀኝ። ወንበሩ ጋ ስደርስ በወገቤ ያለውን ቀበቶ ግንዱ ላይ አዙሬ ተደገፍኩበት፣ ሁለት እጄ ነፃ ሆነ። ጋሼ ከታች እየነገሩኝ ማውረጃውን ገመድ ማማው ላይ አሠርኩ። ከዚያ መቀሱ በገመድ ተላከልኝ። ሰንሰለቱ ዝጎ ቡናማ ሆኗል። መቀሱን አፉ ውስጥ አስገብቼ ባለ በሌለ ጉልበቴ ስጫን ቀለበቱ "ጠቅ" አለና ተከፈተ። ከታች ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ሕፃን አጨበጨቡ። ባለቤቴ ሽማግሌ ስለው ይቀየማል፣ ያን ዕለት ግን ሽማግሌ ነበር።

አሮጌዎቹን ማሰሪያዎች ፈትቼ፣ ከታች ሲሳብ የሚፈታ አንድ ቋጠሮ ብቻ ትቼ ወረድኩ። ማማ ሲወርድ ሥሩ ሰው አይቆምም። ማውረጃው ገመድ ግንዱን ብዙ ጊዜ ስለዞረ ክብደቱን የሚይዘው ዛፉ ነው፤ ባለቤቴ በግራ እጁ ብቻ ቀስ እያለ ለቀቀው። ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ወረደና ሣሩ ላይ ተኛ። "በግራ እጄ" አለ ባለቤቴ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ነበር። ዛፉ ወፍሮ ሰንሰለቱን ውጦታል። ቅርፊቱ በብረቱ ላይ እንደ ከንፈር ገጥሟል። እኔ ለዛፉ አዝኜ ቆፍሬ ላወጣው ስል ጋሼ "ተይው!" ብለው ጮኹ። "ብታወጪው ነው የምታቆስይው። በዚህና በዚያ ቁረጪው፣ ውስጥ ያለውን የራሱ አድርጎታል።" የተዋጠችው የሰንሰለት ቁራጭ ዛፉ ውስጥ ቀረች።

ሦስተኛው ኮረብታው ጫፍ ላይ ነበር። ባለ ሁለት መቀመጫ ነው፤ ባለቤቴና ጋሼ ጎን ለጎን የሚውሉበት። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ምሳ በላን። ጋሼ የኛን ምግብ ለምደዋል፣ ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለሉ ወደ ላይ ያያሉ። ባለቤቴም ያያል። እኔ ሁለቱን አያለሁ።

ስወጣ ከቀሩት ሁሉ ይልቅ ጠንካራ የመሰለኝ መሰላል ይሄ ነበር። ወደ ጫፉ ልደርስ ስል ግን የረገጥኩት እርከን ከሥሬ ከዳኝ። ብረቱ በዝገት ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ኖሯል። እግሬ አየር ላይ ቀረ፣ መታጠቂያው ጭኔን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ገመዱ ነከሰ። ወደቅኩ ሳልል ተንጠልጥያለሁ። ትንሽ ወዘወዘኝና ግንዱ ላይ አስጠጋኝ።

ከታች "የኔ እናት!" የሚል ጩኸት ሰማሁ።

ባለቤቴ ሰው ፊት ፍቅሩን የሚያወጣ ሰው አይደለም። ቤት ውስጥም ቢሆን "አንቺ" ነው የሚለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቆሟል፣ ያን ሁሉ ከፍታ አልፌ ብመጣ ሊቀበለኝ። ሁለቱንም። ያ ፊዚዮው ሲለምነው አልነሣ ያለው ቀኝ እጁ ከጆሮው በላይ ነበር።

"ደህና ነኝ!" አልኩት። "ዞር በል ከሥሬ!"

"ውረጂ" አለኝ። "ይቅር፣ ውረጂ በቃ።"

ጋሼ በተረጋጋ ድምፅ "እትዬ፣ እግርሽን ወደ ታችኛው እርከን መልሺ። እዚያ ቁሚ። ተንፍሺ" አሉኝ። አደረግሁት። "አሁን መውረድ ትፈልጊያለሽ?"

ልቤን ፈትሼ ሳየው ፍርሃቱ አልፎ ነበር። ገመዱ እንደሚይዘኝ አሁን አውቄያለሁ። "እጨርሰዋለሁ" አልኩ። መሰላሉን ሌላ ማሰሪያ ጨምሬ አጠበቅሁት፣ የተበላውን እርከን ሳልነካ ተሻግሬ ወጣሁ።

ሰንሰለቱን ቆርጬ ማሰሪያዎቹን መፍታት ስጀምር ጋሼ ከታች "እትዬ" አሉኝ። "ምን ይታይሻል?"

መጀመሪያ ስለ ማሰሪያው የጠየቁኝ መሰለኝ። "አይደለም" አሉ። "ወደ ወንዙ በኩል። ምን ይታይሻል?"

ያን ጊዜ ነው ዞር ብዬ ያየሁት። ከሥሬ ኮረብታው ረጋ ብሎ ይወርድና ጅረቱ ላይ ያበቃል። የጅረቱን ዳርና ዳር አረንጓዴ ነገር ይዞታል፣ የቀረው ሁሉ ቢጫ ነው። ነፋስ ሲመጣ ሣሩ ከአንድ ወገን ወደ ሌላው ይተኛል። የመኪና ድምፅ የለም። ማዶ ላይ ጥቂት ላሞች ጥላ ውስጥ ተኝተዋል። ባለቤቴ ከዚህ ሲመለስ ለምን ቃል አጥቶ እንደሚመጣ ገባኝ። እኔም በእንግሊዝኛዬ ያየሁትን መንገር ጀመርኩ። ቃል ሲያጥረኝ በአማርኛ እላለሁ፣ ባለቤቴ ይተረጉምላቸዋል።

"ውሃው አለ?" አሉ።

"ቀጭን ነው። ግን አለ።"

"ከውሃው ማዶ የደረቀ ትልቅ ዛፍ አለ። ነጭ። ንስር የሚያርፍበት።"

ፈለግሁት። ነጭ ግንዱን አየሁት፣ ግን የቆመ አልነበረም። ጅረቱን ተሻግሮ ተጋድሟል፣ ቅርንጫፎቹ ተሰባብረዋል። አለ ልበላቸው ይሆን ብዬ ለአፍታ አሰብኩ። እሳቸው ሄደው አያዩትም። ግን ያን ያህል ዓመት የተቀመጡበትን ቦታ እኔ ለአንድ ጊዜ ወጥቼ ልዋሽበት አልቻልኩም።

"ወድቋል ጋሼ" አልኳቸው። "ወንዙ ላይ ተኝቷል። እንደ ድልድይ ሆኗል።"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት። ባለቤቴ ጠጋ ብሎ ትከሻቸውን ያዘ።

"ጎበዝ ነበር፣ ብዙ ቆመ" አሉ በመጨረሻ። "በይ ውረጂ። በጥንቃቄ።"

ያን ማማ ያወረድነው ሦስታችንም ገመዱን ይዘን ነው። አያስፈልግም ነበር፣ ግን ማንም ለመልቀቅ አልፈለገም።

ስንመለስ ጋሼ መሐል ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ ራሳቸው ባለቤቴ ትከሻ ላይ ወደቀ። የታመመው ትከሻ ላይ። እኔ ነበርኩ የምነዳው። "አያምህም?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ያመኛል" አለ። "ተያቸው ይተኙ።"

ልጃችን ማታ ደውላ ስንነግራት "ማም፣ አር ዩ ሲሪየስ?" ብላ ጮኸች። አባቷ ስልኩን ተቀበለኝና ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። እኔ የማላስታውሰውን ሁሉ ያስታውሳል፤ መቀሱ እንዴት "ጠቅ" እንዳለ፣ ቅርፊቱ እንዴት ሰንሰለቱን እንደዋጠ። እርከኑ ሲከዳኝ የጮኸውን ብቻ ዘለለው። ድስቱን ከፍቶ ቆሞ እየበላ ነበር የሚያወራት።

በማግስቱ እሑድ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለብን። ከአልጋ ልነሣ ስል ክንዶቼ የእኔ አይደሉም። ነጠላዬን ወደ ራሴ ላነሣ ብል አልቻልኩም። እሱም ሸሚዙን ከነቁልፉ ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ የዘረጋው እጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠዘጥዘው አድሯል። ተያየን። መጀመሪያ እሱ ሣቀ። ከዚያ እኔ። ሣቁ ራሱ ያመናል፣ ግን አልቆም አለን። በቤታችን ውስጥ የሱን ሣቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላውቅም።

"ነይ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ" አለኝ። የልጆች በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጁን ከፍ ሳያደርግ እንዲደርስልኝ። ነጠላውን በግራ እጁ አለበሰኝ፣ በአንድ በኩል ይረዝማል፣ በሌላው ያጥራል፣ ፈትቶ እንደገና ጀመረ። እኔም የሸሚዙን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ እየቆለፍኩለት ወጣሁ፤ የላይኛው ጋ ስደርስ እጄ አልነሣ አለና እሱ አገጩን ዝቅ አደረገልኝ።

ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ነው የደረስነው። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ቆምን።